ዳምጠው፤ የአንድ ቃልና የአንድ መኪና ታሪክ

የአንድ ሙያ ታሪክ በተሠሩት ሥራዎች ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ለመሣሪያዎቹ ባወጣቸው ስሞችም ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በኢትዮጵያ የግንባታ ሥራ ላይ በየዕለቱ የሚነገሩት ቃላት ከየት እንደ መጡ ቢጠየቅ፣ እያንዳንዱ ቃል የገባበትን በር ያሳያል። አርማታ፣ ፌሮ፣ ሊሾ፣ ካቦ፣ ባሬላና ቦቴ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ዶዘር፣ ግሬደርና ሎደር ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ የመንገድ መሐንዲሶች እገዛ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የእንግሊዝኛ ስም ያላቸው መኪናዎች በየመንገድ ሥራው ተስፋፍተዋል።

በእነዚህ ሁሉ የውጭ ስሞች መካከል በአማርኛ ስማቸው ጸንተው የኖሩ ከባድ መኪናዎች ጥቂቶች ናቸው። ገልባጭና ተሳቢ ከእነዚህ ይቈጠራሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊመረመር የሚገባው ዳምጠው ነው። ገልባጭ ስለሚገለብጥ፣ ተሳቢም ስለሚሳብ እንዲህ ተብለዋል፤ ስማቸው ከሥራቸው አያልፍም። ዳምጠው ግን ከመኪናው እጅግ የቀደመ ታሪክ ያለው ቃል ነው። ከፈታይዋ ቤት ተነሥቶ በጦር ሰው ስምነት አልፎ መንገድ ላይ ደርሷል። ይህ ጕዞ ለቋንቋ ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። ቃሉ በትክክል ከተፈታ፣ መኪናው ምን እንዲሠራ እንደሚጠበቅና ሥራው ለምን አንዳንድ ጊዜ እንደሚበላሽ ጭምር ይናገራልና።

ቃሉ ከመኪናው በፊት

ዳመጠ የሚለው ግሥ የጥጥ ሥራ ግሥ ነው። ከማሳ የተለቀመ ጥጥ ፍሬውን እንደ ያዘ በደጋን ሊነደፍ፣ በእንዝርትም ሊፈተል አይችልም፤ ስለዚህ ከመንደፍና ከመፍተል በፊት መዳመጥ ይቀድማል። ባለሙያዋ ሴት ጥጡን በለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታኖርና መዳመጫ የተባለውን የብረት ዘንግ በላዩ ላይ እየተጫነች ታንከባልለዋለች። ዘንጉ በጥጡ ላይ ሲያልፍ ጭረቱ ከሥሩ ይቀራል፤ ፍሬው ግን በዘንጉና በድንጋዩ መካከል ማለፍ ስለማይችል ከፊት ለፊት እየተገፋ ይወጣል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መዳፉ ከላላ ፍሬው ጥጡን ይዞ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ ከከበደም ፍሬው ተሰብሮ ጥጡን ያቈሽሻል። የባለሙያዋ ጥበብ ያለው ጕልበቷን መጥና በማሳረፏ ነው።

አማርኛ ለመጫንና ለመርገጥ የቃል ድኻ አይደለም። ጨፈለቀ የአንድን ነገር ቅርጽ በኃይል ማጥፋት ነው። ደፈጠጠ ቀና ያለውን ከመሬት ማጣበቅ ነው። ጠቀጠቀ እየደጋገሙ በመምታት ወይም በመግፋት የተበታተነውን ማጠጋጋት ነው። ደለደለ ጐድጓዳውን ሞልቶ ጕብታውን ቀንሶ ማስተካከል ነው። ዳመጠ ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ይኸውም በሚንከባለል ክብደት ተጭኖ የማይፈለገውን ማስወጣትና የሚፈለገውን ማስቀረት ነው። ከመዳመጫው ሥር የሚወጣው ፍሬ ነው፤ የሚቀረው ለልብስ የሚሆነው ጥጥ ነው። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች ስለ አፈር ሲነገር ዋናው ቁም ነገር ሆኖ ይመለሳልና።

ዳምጠው የዚህ ግሥ ትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን በመጨረሻው ላይ ያለው «ው» ተደራጊውን ያመለክታል። በጽሑፍ ብቻ ቢታይ ቦዝ አንቀጽም ሊሆን ይችላል፤ «ሴቶቹ ጥጡን ዳምጠው ነደፉት» እንደሚባለው ማለት ነው። በመኪናው ስም ውስጥ የሚሰማው ግን ትእዛዙ ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ይህን አፈር ዳምጠው» የሚል ይመስላል።

የጦር ሰው ስም

በትእዛዝ አንቀጽ ስም ማውጣት በአማርኛ የቈየ ልማድ ነው። ግዛው፣ ጣሰው፣ አስፋውና መልሰው በዚህ ሥርዓት የተሰየሙ ናቸው። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ ምኞቱንና አደራውን በአንድ ቃል ያኖራል፤ ግዛው የተባለው እንዲገዛ፣ ጣሰውም ያጋጠመውን መሰናክል ጥሶ እንዲያልፍ የተመኙለት ነው። ዳምጠው የሚለው የተጸውዖ ስምም ከእነዚሁ ወገን ነው። ጥጥ የመዳመጥ ሥራ የቤት ውስጥ ሙያ ሆኖ ሳለ ቃሉ ለወንድ ልጅ ስም ሲሆን፣ የሚዳመጠው ነገር ጥጥ መሆኑ ቀርቶ ባላጋራ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ስም ባለቤት ከሆኑት መካከል በታሪክ ጐልተው የሚታወቁት ፊታውራሪ ዳምጠው ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ የላኳቸውን መልእክተኞች የመሩት እኒህ ሰው ነበሩ። በተከታዩ ዓመት በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ላይ ወደቁ። ልጃቸው ራስ ደስታ ዳምጠው በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ሲወር የደቡቡን ግንባር መሩ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመው ሆስፒታል የአባትን ስም ከልጁ ስም ጋር አብሮ ያስጠራል።

እንግዲህ ከባዱ የመንገድ መኪና ወደ አገሪቱ ከመግባቱ በፊት ዳምጠው የሚለው ቃል ሁለት ኑሮ ነበረው። አንደኛው በሴቶች ሙያ ውስጥ ያለው የልክና የትዕግሥት ትርጕሙ ነው። ሁለተኛው በወንዶች ስም ውስጥ ያለው የኃይልና የድል ትርጕሙ ነው። መኪናው ሲመጣ ሁለቱንም ወረሰ። ችግሩ ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ይልቅ ጐልቶ መሰማቱ ነው።

የሰርኪስ ባቡር

በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አዲስ አበባ የደረሰው በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው። ያስመጣው የአርመን ተወላጅ የሆነውና ለዳግማዊ ምኒልክ ልዩ ልዩ ዕቃ በማቅረብ የታወቀው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ነበር። ሕዝቡም መኪናውን በአስመጪው ስም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው።

ይህ አጠራር ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራል። ባቡር የሚለው ቃል መነሻው እንፋሎት ማለት ከሆነው የአውሮጳ ቃል ሲሆን በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ስለዚህ በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ሠረገላ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። እህል የሚፈጨውም የወፍጮ ባቡር ይባል ነበር። ሐዲዱን ከሌላው ለመለየት «የምድር ባቡር» የሚል ስም ማስፈለጉም ከዚህ የተነሣ ነው። እሳት በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ጢስ እየተፋ የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ ባቡር ነበረ።

የጊዜው ቅደም ተከተልም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሰርኪስ ባቡር ወደ ዋና ከተማው የተጓዘው ገና ሐዲድ ባልነበረበት አገር ላይ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሠረት የመንገዱ መዳመጫ በመንገዱ ላይ ከሚሄደው አውቶሞቢል ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ መኪና ይገባና መንገድ ይከተለዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ቅደም ተከተሉ የመሐንዲስን ምክር የተከተለ ይመስላል።

«የሰርኪስ ባቡር» ግን የአንድ ዕቃ መጠሪያ ነበርና ከዕቃው ጋር ወደ ታሪክ ገባ። ሌሎች መሰል መኪናዎች ሲመጡ በአንድ ነጋዴ ስም ሁሉንም መጥራት አይቻልም። ባቡር የሚለው ቃልም ቀስ በቀስ በሐዲድና በወፍጮ ላይ ተወሰነ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከቤቱ አንድ ቃል አነሣ። በድንጋይ ላይ የሚንከባለለው የመዳመጫ ብረትና በጠጠር ላይ የሚንከባለለው የመኪና ብረት በመልክም በሥራም አንድ መሆናቸውን ለማየት መሐንዲስ መሆን አላስፈለገም።

ሦስት የአሰያየም መንገዶች

ሌሎች ሕዝቦች ይህን መኪና የሰየሙበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እንግሊዞች ስቲምሮለር አሉት፤ የእንፋሎት ተንከባላይ ማለት ነው። ጀርመኖችም ዳምፍቫልትሰ ሲሉ ትርጕሙ ያው ነው። የጀርመንኛው የመጀመሪያ ክፍል ከዳምጠው ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ዳምፍ እንፋሎት ማለት ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ፈረንሳዮችና ኢጣልያኖች ደግሞ ተጫኝ ጥቅልል እንደ ማለት ሩሎ ኮምፕረሰርና ሩሎ ኮምፕረሶሬ ይሉታል። እንግዲህ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የስሙን መነሻ ከሚያንቀሳቅሰው ኃይል ወሰዱ፤ ፈረንሳይኛና ኢጣልያንኛ በይበልጥ ከቅርጹ ወሰዱ። አማርኛ ግን ከታዘዘው ሥራ ወሰደ።

የጊዜ ፈተና የትኛው ስም እንደሚጸና አሳይቷል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የእንፋሎቱ ሞተር በዲዝል ሲተካ የእንግሊዝኛው ስም ከነገሩ ጋር ተለያየ፤ እንፋሎት የሌለው መኪና በእንፋሎት ስም ሲጠራ ቈየ። ጐማ የተገጠመላቸው ሲመጡም ለስላሳ ብረት ጥቅልል የሚለው መልክ አልስማማ አለ። ዳምጠው የሚለው ስም ግን በእንፋሎት ቢሄድ፣ በዲዝል ቢሄድ፣ ቢንቀጠቀጥም ሆነ ጐማ ቢኖረው አይናወጥም። ሥራው እስካልተለወጠ ድረስ ስሙ አያረጅም።

የምሳሌው ኃይል

ከባድ መኪና በከተማ መካከል ሲሠራ ያየ ሁሉ ለንግግሩ ምሳሌ መውሰዱ አይቀርም። በአሜሪካ የፖለቲካ ሰዎች ተቃዋሚን በድምፅ ብልጫ ረግጦ ማለፍን በዚህ መኪና ስም መጥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1912 በቺካጎ በተደረገው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ የፕሬዚዳንት ታፍት ደጋፊዎች የቴዎዶር ሩዝቬልትን ወገን በዚህ ዓይነት ረግጠው አልፈዋል ተብለው ተከሰሱ፤ የተበደሉት ወገኖችም በአዳራሹ ውስጥ የእንፋሎቱን ፉጨት በአፋቸው እያስመሰሉ፣ የአሸዋ ወረቀት እያፋተጉ ይሳለቁ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዝ ጋዜጦች የሩሲያን ብዙ ሠራዊት «የሩሲያ የእንፋሎት ዳምጠው» እያሉ በርሊንን ረግጦ እንደሚያልፍ ተስፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1914 በታኔንበርግ ይኸው ሠራዊት ተሸነፈ። ብዛትና ክብደት ብቻውን በቂ አለመሆኑ በጦር ሜዳም ታየ።

በአማርኛም ርኅራኄ የሌለው ኃይል በዳምጠው ሊመሰል ይችላል። ይሁን እንጂ ስለ ተረገጠ መብት የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ «መብቱ ተደፈጠጠ» ይላል እንጂ «ተዳመጠ» አይልም። ቋንቋው ልዩነቱን በደመ ነፍስ ጠብቆታል ማለት ነው። መደፍጠጥ ጥፋት ነው፤ መዳመጥ ግን ለፍሬ የሚደረግ ሥራ ነው። ይህ የቋንቋው ማስተዋል በመንገድ ሥራ ላይ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለማየት መኪናው በአፈር ላይ የሚያደርገውን መመርመር ያስፈልጋል።

ከክብደት ወደ ልክ

የአዲሱ የመንገድ አሠራር አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ስኮትላንዳዊው ጆን ላውደን ማክአደም እ.ኤ.አ. ከ1816 ጀምሮ በብሪስቶል መንገዶችን ሲያሠራ መዳመጫ አልተጠቀመም። እያንዳንዱ ጠጠር ከ6 አውንስ ወይም ከ170 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ አድርጎ ካስነጠፈ በኋላ፣ መጠቅጠቁን ለሠረገላዎቹ መንኰራኵር ተወው። መንገደኛው ራሱ ዳምጠው ነበር ማለት ይቻላል። መንገደኛው ግን በቀደደው መስመር ላይ ደጋግሞ ስለሚሄድ ጠጠሩ በአንድ በኩል ሲጠቀጠቅ በሌላው በኩል ይበተን ነበር። ፈረሶች የሚስቧቸው የብረት ጥቅልሎች የተፈለጉት ይህን ለማረም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በፈረንሳይና በእንግሊዝ የእንፋሎት መዳመጫዎች ወጡ። በእንግሊዝ አገር ሮቸስተር ከተማ የነበረው የአቬሊንግና ፖርተር ፋብሪካ ከ1865 ጀምሮ በሠራቸው መኪናዎች ስሙ በዓለም ተሰማ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል 30 ቶን ያህል የሚመዝኑ ነበሩ፤ ቈይቶ ግን ለከተማ መንገድ የተለመደው 10 ቶን ገደማ ሆነ። አምራቾቹ የመኪናውን ክብደት የቀነሱት አቅም አጥተው አይደለም። ከልክ ያለፈ ክብደት ጠጠሩን ሰብሮ ዱቄት ያደርጋል፤ ከመንገዱ ሥር ያለውንም ይጐዳል። የፈታይዋ መዳፍ ለረጅም ዘመን ሲያውቀው የኖረውን ፋብሪካው በራሱ መንገድ ደረሰበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ ከብረት ሳይሆን ከዕውቀት ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ የውሃ አገልግሎት መሐንዲስ የነበረው ራልፍ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ አፈር ግድብ አሠራር ባወጣቸው ጽሑፎች፣ በአንድ ዓይነት ኃይል የተጠቀጠቀ አፈር ጥቅጥቅነቱ እንደ እርጥበቱ መጠን እንደሚለያይ አሳየ። አፈሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተፋትገው አይጠጋጉም። ውሃ በመጠኑ ሲጨመር ይላላሉና ይቀራረባሉ። ውሃው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቅንጣቶቹ ሊይዙት የሚገባውን ቦታ ውሃው ይይዘዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አፈር አንድ ተስማሚ የእርጥበት መጠን አለ። በዚህ ሰው ስም የሚጠራው ምርመራ 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ30.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ፣ በሦስት ድርብ በተሞላ ቅርጽ ላይ እያንዳንዱን ድርብ 25 ጊዜ የሚመታበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ አውሮፕላኖች የሚያርፉባቸው ሜዳዎች ሲፈለጉ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች መዶሻውን ወደ 4.5 ኪሎ ግራም፣ ከፍታውን ወደ 45.7 ሳንቲ ሜትር፣ ድርቡንም ወደ አምስት ከፍ አድርገው የተሻሻለውን ምርመራ አወጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ዳምጠው በአፈር ላይ ሲሄድ የሚያስወጣው አየሩን ነው። ድንጋዩንና የአፈሩን ቅንጣት አያሳንሰውም፤ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ውሃውን ከደቃቅ አፈር ጨምቆ አያወጣውም። በቅንጣቶቹ መካከል ተደብቆ የቈየውን አየር ግን ያባርረዋል። ከጥጡ ፍሬው፣ ከአፈሩም አየሩ ይወጣል፤ የቀረው ግን ለታሰበለት ሥራ ብቁ ይሆናል። ስለዚህ ዳመጠ የሚለው ግሥ ለዚህ ሥራ ከውጭ ቋንቋ ከተወሰዱት ቃላት ሁሉ የቀረበ ፍቺ ነው። ስቲምሮለር የሚለው ስለ ማሞቂያው ይናገራል፤ ሩሎ የሚለውም ስለ ቅርጹ ይናገራል። ዳምጠው የሚለው ግን ከአፈሩ ምን መውጣት እንዳለበት ያስታውሳል።

አየሩ ካልወጣ ምን እንደሚሆን የመንገድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክፍተቱን በክረምት ውሃ ይሞላዋል፤ አፈሩ ይለሰልሳል፤ የመኪና ጐማም ቀሪውን ሥራ ይሠራዋል። ለዚህ ከሚያጋልጡት ምክንያቶች ዋናው አፈሩን ከልክ በላይ አወፍሮ መደልደል ነው። ለስላሳ ጥቅልል ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ጠባብ በመሆኑ ጫናው ወደ ታች ሲወርድ ፈጥኖ ይደክማል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ድርብ ፈንታ 40 ሳንቲ ሜትር ተነጥፎ አንድ ጊዜ ቢዳመጥ ላዩ እንደ አለት ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ተነጠፈ ይቀራል። ላይ ላዩን ያየ ሰው ይደሰታል፤ ነገሩ ግን ውስጡን ለቄስ ነው። የአሸዋ ምርመራው፣ ማለትም ጕድጓድ ቈፍሮ የወጣውን አፈር መመዘንና የጕድጓዱን ይዘት በታወቀ አሸዋ መለካቱ፣ ቄሱ የሚሰማውን ኑዛዜ ለመሐንዲሱ ያሰማዋል። በውሉ ላይ የተጻፈው 95 ወይም 98 በመቶ የሚለው ቍጥር ትርጕም የሚኖረው ምርመራው እስከ ድርቡ ግርጌ ሲደርስ ብቻ ነው።

መኪናዎቹም ይህን ዕውቀት ተከትለው ተለያዩ። ለጭቃማ አፈር እግር ያላቸው ጥቅልሎች ተሠሩ፤ በደቡብ ካሊፎርንያ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንድ የበግ መንጋ በለሰለሰ መንገድ ላይ ሲያልፍ ኰቴው አፈሩን ምን ያህል እንደ ጠቀጠቀው ታይቶ ሐሳቡ እንደ ተወለደ ይነገራል። በአውድማ ላይ ከብት እየነዳ እህል ያበራየ ገበሬ ይህን ለማመን አይቸገርም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉት ተንቀጥቃጭ ዳምጠዎች ደግሞ በውስጣቸው በሚሽከረከር ያልተመዛዘነ ክብደት አሸዋና ጠጠርን ለአፍታ አላልተው እንዲቀመጥ ያደርጉታል። በዚህም ቀላሉ መኪና ከባዱ የማይሠራውን ሊሠራ ቻለ። የተለያዩ አፈሮች የተለያየ እጅ ይፈልጋሉና።

ጥቁሩ አፈር

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በኢትዮጵያ ደጋማ አገር በሰፊው በተዘረጋው ጥቁር አፈር፣ በተለምዶ ዋልካ ወይም መረሬ በሚባለው ላይ ነው። በአገሪቱ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት በዚህ አፈር የተሸፈነ መሆኑ ይገመታል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው፣ በክረምት አብጦ የሚያዳልጠው ይህ አፈር በዓለም የመሐንዲሶች ቋንቋ «ጥቁር የጥጥ አፈር» ይባላል፤ በህንድ አገር ጥጥ የሚበቅልበት በመሆኑ የወጣለት ስም ነው። ጥጥ በመዳመጥ ስም የተሰየመው መኪና ከጥጥ አፈር ጋር መጋጠሙ የቃላት አጋጣሚ ነው፤ ግጥሚያው ግን የምር ነው።

«ዳምጠው» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን በዚህ አፈር ላይ ይከሽፋል። ጥቁሩ አፈር በደረቅነቱ እጅግ ተጠቅጥቆ ከቈየ፣ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያብጣል። ጠንካራ እንዲሆን የተደረገው ጥረት ራሱ ማበጡን ያባብሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚመርጣቸው መንገዶች ሌሎች ናቸው። አፈሩን አስወግዶ በገረጋንቲ ይተካዋል፤ ወይም በኖራ ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ወይም ከተስማሚው እርጥበት ጥቂት ከፍ አድርጎ በመጠኑ ያስዳምጠውና የእርጥበቱን መለዋወጥ የሚገታ ትከሻና ቦይ ያበጅለታል። በዚህ ሥራ ላይ የመኪናው ነጂ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተመላለሰ ከመቍጠሩ በፊት አፈሩ ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ቀይ አሸዋ በሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቅንጣቱ ተሰባሪ በመሆኑ ከባድ የብረት ጥቅልል ደጋግሞ ሲያልፍበት ጠጠርነቱ ቀርቶ ዱቄት ይበዛዋል። እዚህ ላይ መኪናው ዳምጠው መሆኑን ትቶ ጨፍልቀው ይሆናል።

አስፋልትም የራሱ ሕግ አለው። ትኩስ ሆኖ ከተነጠፈ በኋላ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲወርድ ሬንጁ ስለሚጠጥር ዳምጠው የፈለገውን ያህል ቢመላለስ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራው ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መካከል፣ በኩርባም ከዝቅተኛው ጠርዝ ወደ ከፍተኛው፣ እያንዳንዱ መስመር በቀደመው ላይ ጥቂት እየደረበ በጊዜው ይፈጸማል። ጥቅልሉ ሬንጅ እንዳይዘው በውሃ ይረጥባል፤ መኪናውም በትኩሱ ንጣፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። በጣም ቢፈጥን ንጣፉን ይገፋዋል፤ ቢዘገይ ሙቀቱ ያመልጠዋል። የነጂው ሙያ ጥጥ ከምትዳምጠው ሴት መዳፍ ጋር እንደ ገና የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የቃሉ አደራ

በአንዳንድ የሥራ ቦታዎች ዛሬ ሮለርና ኮምፓክተር የሚሉት ቃላት ከዳምጠው ጋር ተደባልቀው ይሰማሉ። የውጭ ቃል መግባቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ አርማታና ፌሮ ለዘመናት ያገለገሉ የሥራው ልጆች ናቸው። ነገር ግን ዳምጠው የሚለውን ቃል የቀን ሠራተኛውም፣ ነጂውም፣ ተቈጣጣሪውም በአንድ ዓይነት ይረዱታል። አንድ መሐንዲስ አፈሩ ለምን ውሃ እንደሚረጭበትና ለምን በስስ ድርብ እንደሚነጠፍ ለሠራተኛው ማስረዳት ሲፈልግ የጥጡን ምሳሌ በቃሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ሮለር የሚለው ቃል ግን ለዚያ ሠራተኛ አንድ ከባድ ብረት ከማመልከት አያልፍም።

ቃሉ ከሁለቱ ወላጆቹ የወሰዳቸው ሁለት ጠባዮች በመንገድ ሥራ ላይ ዛሬም ይፎካከራሉ። ክብደትን የሚያመልከው አሠራር አፈሩን እንደ ጠላት ይቈጥራል፤ ስለዚህም ለከባድ መኪና እንጂ ለውሃ ቦቴውና ለምርመራ ክፍሉ ቦታ አይሰጥም። ልክን የሚያውቀው አሠራር ደግሞ አፈሩን እንደ ጥጥ ይቈጥራል፤ ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር ብሎ ይጠይቃል። የሁለቱ ልዩነት በምረቃው ቀን አይታይም፤ ሁለቱም መንገዶች ጠፍጣፋና ጥቁር ናቸው። የሚታየው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ በመስከረም ወር፣ አንደኛው መንገድ አውቶቡሱን ሲያሳልፍ በሌላው ላይ መንገደኞቹ ወርደው ሲገፉ ነው።